ከወናጎ የመጣው የብረት ምድጃ

ዲላ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለሰብስቤ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የሰማይ አምላክ ጤናህን ይጠብቅልኝ፤ መዶሻ የያዘውን እጅህን አይንሣኝ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ገሪማ ከዱመርሶ ቡና እየጫነ ይመላለሳል። እናቱ እመት ውዳሴም ከሳላቸውና ከዓይናቸው በቀር ደህና ናቸው። የዘንድሮው ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ስላልለቀቀን ማገዶው ሁሉ እርጥብ ነው። ቤቱ በጭስ ታፍኖ እኔም እሳቸውም እንባችንን ስንጠርግ እንውላለን።

አሁን ግን የምሥራች አለኝና ተቀመጥ። ገሪማ ትናንት ከወናጎ ሲመለስ በበቅሎ ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ጭኖ መጣ። ጎረቤቱ የሬሳ ሣጥን መስሎት ደንግጦ ወጣ። ለካስ የብረት ምድጃ ኖሯል። የጣሊያን መንገድ ሠሪዎች ሰፈራቸውን ነቅለው ወደ ደቡብ ሲሄዱ ወጥ ሠሪያቸው በአንድ እንስራ ማር ለውጦ ሰጠው። እነሱ «ስቱፋ» ይሉታል። አራት እግር አለው። ከፊቱ እንጨት የሚገባበት በር፣ ከበሩ ሥር አመድ የሚወጣበት መሳቢያ፣ ከላዩ ደግሞ ድስት የሚጣድባቸው ሁለት ክዳኖች አሉት፤ አንደኛው ጥቂት ተሰንጥቋል። ከጀርባው ያለው ክብ ቀዳዳ የጭስ ቧንቧው የሚሰካበት ነው አሉ፤ ቧንቧውን ግን ነቅለው ወስደውታል።

በሩን ስንት ጊዜ ከፍቼ እንደ ዘጋሁት ብታይ ትስቅብኝ ነበር። በመንገዱ ለሚያልፉት ሾፌሮች ዳቦ ደፍቼ ልሸጥ በልቤ ጨርሻለሁ።

እመት ውዳሴ ግን ከበር መለሱን። የገሪማ ታላቅ ወንድም ማይጨው ላይ መቅረቱን ታውቃለህ። «ልጄን የበላ ሰው ብረት እኔ በምተኛበት ቤት አይገባም» ብለው መቃኑን ይዘው ቆሙ። ገሪማ ጉልበታቸውን ስሞ ለመናቸው። እሺ አላሉም፤ ግን ከመቃኑ ተነሡ።

አንተ አርመኑ ዘንድ ከብረትና ከቆርቆሮ ጋር ስለምትውል ይህን ነገር ታውቀዋለህ ብዬ ነው። የት ይቀመጥ? እንዴት ይተከል? ጭሱስ በየት ይውጣ? ቤታችን እንደምታውቀው የሣር ክዳን ነው። ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ሾፌሩ ጉግሳ የራሳችን ሰው ነውና ያሻህን ጽፈህ ስጠው። ቡናስ ልላክልህ?

እህትህ የትምወርቅ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት ፮ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

እናታችን ካረፈች ወዲህ እናት ለሆንሽኝ ለእትዬ የትምወርቅ፣

ያሳደገኝ እጅሽ ይባረክ። ጋሼ ገሪማንና እመት ውዳሴን እጅ ነሥቼ ሰላም ብያለሁ።

ጉግሳ ደብዳቤሽን ያደረሰኝ በሥራ መካከል ነበር። ስስቅ አይቶ አርመኑ ጌታዬ «ምን ተገኘ?» አለኝ፤ አነበብኩለት። እሱም መዶሻውን አስቀምጦ ስለ አራቱ እግር፣ ስለ ክዳኑ ስንጥቅ ደግሜ እንዳነብለት አደረገኝ። በመጨረሻ «ቧንቧውን እኛ እንሠራለን፤ ለእህትህ ከእኔ ስጦታ ይሁን» አለ። ስለዚህ ደስ ይበልሽ፤ እኔ ካንቺ የበለጠ ደስ ብሎኛል። እኔ ራሴ በየቤቱ ስንቱን ተከልኩ፣ የእህቴን ቤት ግን በወረቀት መትከሌ ነው።

ነገር ግን እትዬ፣ እባክሽን ቧንቧው እስኪደርስሽ እሳት አታግቢበት። ፍም ብቻ ባደርግበትስ ብለሽም እንዳትሞክሪ። ደግሞ የሣሩን ክዳን ቀዶ ቧንቧ ማውጣት የሚባል ነገር አይታሰብ። አምና እኛ ሰፈር አንድ ነጋዴ እንዲሁ አድርጎ ነበር። ክረምቱን ሁሉ ደህና ነደደለት። ሣሩ ሲደርቅ ግን የጋለው ቧንቧ አያያዘውና ሰዎች ውኃ ቀድተው ሳይመለሱ ቤቱ ዐመድ ሆነ። ክዳኑን እንዴት እንደምናደርግ አስቤ እጽፍልሻለሁ።

ቡና አትላኪልኝ፤ ምንም የጎደለኝ የለም። ወሬ ብቻ ላኪልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ ሰብስቤ


ዲላ፣ ግንቦት ፱ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰብስቤ፣

መልስህን ሳላገኝ ሁለተኛ መጻፌ ነው፤ ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ይተላለፉ ይሆናል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም በሕይወት አለን። እንዲህ ብዬ ስጀምር እንደምትደነግጥ አውቃለሁ፤ ግን በሕይወት አለን።

ትዕግሥት አጣሁ። ቧንቧ ባይኖረውም ጭስ እንዳይኖር አድርጌ ባነደው ምን አለበት አልኩ። ከቆጥ ላይ ያገኘሁትን ደረቅ የቡና ግንድ ደጅ አነደድኩ። ነበልባሉ አልፎ ፍሙ ሲቀላ በአካፋ እየዛቅሁ ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት። ያማረ ነገር ነበር፣ ሰብስቤ። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ፤ ብረቱ ሞቆ ቤቱን ሁሉ አሞቀው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ ሲገባብን በሩንም መስኮቱንም ዘጋሁ። እመት ውዳሴ እንኳ ብርዱ አሸንፏቸው ወደ ምድጃው ጠጋ አሉ። የተቀመጡት ግን ጀርባቸውን ሰጥተውት ነው።

ጥቂት ቆይቶ ራሴን ከበደኝ። የዝናቡ ነው ብዬ ተውኩት። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው አንቀላፉ። ቀና ላደርጋቸው ስነሣ ጉልበቴ ከዳኝ። እየዳህኩ ደርሼ ብጠራቸው አይመልሱም። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ገሪማ በሩን በትከሻው ገፍቶ ሲከፍተው ፊቴን የመታኝን ብርድ ነው። ከገበያ በጊዜ መመለሱ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። እናቱን አቅፎ ወደ ዝናቡ አወጣቸው፤ ተመልሶ እኔን ጎትቶ አወጣኝ። ጭቃው ላይ ወድቄ ያስመልሰኝ ጀመር። እሱ «እማዬ፣ እማዬ» እያለ ፊታቸውን ያሻሻል፤ እሳቸው እንደ ጨርቅ ክንዱ ላይ ተጥለዋል። ብዙ ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡና «አላልኳችሁም?» አሉ። እኔም ገሪማም አለቀስን።

አሁን እሳቸው ተሽሏቸዋል፤ እኔን ግን አያናግሩኝም። ምድጃው ደጅ ተጥሎ ዝናብ ይመታዋል። «ገደል ክተተው» ብለውታል፤ ገሪማም ገና አላነሣውም። እኔ ግን አንድ ነገር ሳልረዳ አልጥለውም። ጭስ ሳይኖር ምንድን ነው የመታን? ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ የትምወርቅ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ ፲፰ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለእትዬ የትምወርቅ፣

ለእኔ ብሎ ያተረፈሽ ጌታ ስሙ ይመስገን። ደብዳቤሽን ሳነብ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «ቤተሰብ ሞቶበት ነው» ብለው አላፊዎች ቆመውልኝ ነበር።

የመታችሁ ፍሙ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከሰል በየክረምቱ ሰው ይገድላል። ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ሰውን ከቤት ያስወጣል፤ ክፉ ቢሆንም ያስጠነቅቃል። የፍም ትንፋሽ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ ሰውየው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል። ለእመት ውዳሴ እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ፦ ብረቱ አልበደለዎትም፤ መተንፈሻ ነሥተነው ነው። እሺ ባይሉ አትሟገቻቸው፣ እውነት አላቸው።

ምድጃው አይጣል። ከምትተኙበት ቤት ለይታችሁ ትንሽ ማድቤት ሥሩለት፤ ክዳኑ ሣር አይሁን። መንገድ ሠሪዎቹ ባዶ የሬንጅ በርሜል ጥለው ካልሄዱ ይገርመኛል። ጋሼ ገሪማ ይሰብስቡት። ሬንጁን ከቤት ርቃችሁ ሜዳ ላይ አቃጥሉት፤ ከዚያ በርሜሉን ቀዳችሁ ዘርግታችሁ ክደኑበት። ወለሉ ላይ ከምድጃው ሰፋ አድርጋችሁ ድንጋይ አንጥፉ፤ ሰሌንም ሣርም አጠገቡ አይደር። ከግድግዳው አንድ ክንድ ካልራቀ ጭቃው ውስጥ ያለው እንጨት ቀስ በቀስ ይከስላል፤ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። ቧንቧው በጓሮ በኩል ግድግዳውን በስቶ ይውጣ። በሚያልፍበት ቦታ እንጨቱንና ጭዱን አውጥታችሁ በድንጋይና በጭቃ ብቻ ሙሉት። ከወጣ በኋላ ከክዳኑ በላይ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ አናቱ ላይ ዝናብ የሚከለክል ቆብ ይደረግለት። ከግድግዳው ላይ ደግሞ ብርድ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን የማይዘጋ መስኮት ተዉ። ይህን መስኮት ማንም እንዳይዘጋው፣ አንቺም ጭምር።

አመዱን በቅርጫት አታውጪ፤ የሞተ መስሎ ውስጡ ፍም ይዞ ይሰነብታል። በብረት ዕቃ አውጥተሽ ከቤት ራቅ አድርገሽ ድፊው። እርጥብ እንጨት እንቢ ሲል ላምባ ላፍስበት እንዳትዪ።

ቧንቧውን በቅርቡ እልካለሁ። እስከዚያ ጠብቂኝ።

ሰብስቤ


ዲላ፣ ሐምሌ ፳፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለወንድሜ ለሰብስቤ፣

ሰላምታዬ ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ጭቃ ተሻግሮ ይድረስህ። ያልከውን ሁሉ አደረግን። ብታየው ምነው!

ገሪማ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። በማግሥቱ በቅሎውን ጭኖ ወደ ወናጎ ሄደና በርሜል እያንከባለሉ ከሚመጡ ሰዎች ጋር ተመለሰ። ሬንጁን ወንዝ ዳር ስናቃጥለው ጥቁር ጭሱ ከጎረቤት መንደር ከጪጩ ታይቶ ሰው ዲላ ነደደች ብሎ እየሮጠ መጣ። የመጣውን ሰው አልለቀቅነውም፤ ደቦ ሆነልን። ከጪጩ ከመጡት አንዱ ቀጥቃጩ ጅግሶ ነበር። በርሜሉን በመሮ ቀድዶ፣ በመዶሻ ደብድቦ እንደ ቆዳ ዘረጋው። ሰፈሩ ጆሮው እስኪደነቁር ተቀጠቀጠ፤ እኔ ግን ከሠርግ ከበሮ ይልቅ ጣፈጠኝ። ማድቤቱ ቆመ፣ ተመረገ፣ ተከደነ። ድንጋዩን እኔ ራሴ አነጠፍኩት። የማይዘጋውን መስኮት ገሪማ ከእናቱ ቁመት በላይ አደረገው።

እመት ውዳሴ ይናገሩኝ ጀምረዋል፤ ስለ ምድጃው ግን አይደለም። ሰው ሁሉ ሲሠራ ከበራቸው ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። አንድ ቀን «ያ ምሰሶ ጠሟል» አሉ። ሄደን ብናየው እውነትም ጠሟል፤ አቃናነው።

አሁን የቀረው ቧንቧው ነው። ጉግሳ ባለፈው ባዶ እጁን መጣ፤ ካሚዮኑ ሞልቶብኝ ነው አለኝ። ትናንትም ባዶ እጁን መጣ፤ ስጠይቀው ጎማውን ሊያይ ጎንበስ አለ። ሰብስቤ፣ በመጨረሻው ደብዳቤህ ላይ ስለ ጌታህ ስለ አርመኑ ያነሣኸው ነገር የለም። ደህና ነው? ከእኔ ምስጋናዬን ንገርልኝ። ቧንቧው ካስቸገረህም ንገረኝ እንጂ አትቸገር።

እህትህ የትምወርቅ


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ ፳፭ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለእትዬ የትምወርቅ፣

እንኳን ለዘመን መለወጫው በሰላም አደረሰሽ። ማድቤቱ መቆሙን ሳነብ ድካሜ ለቀቀኝ።

ቧንቧው አሁን አይመችም። ያ ጅግሶ ያልሽው ሰው በርሜል እንደዚያ ከዘረጋ ቧንቧም ይጠቀልላል። ለእሱ ይነበብለት፦ ጠርዙንና ጠርዙን አጥፎ አቆላልፎ ይደብድበው። ሲገጣጠም የላይኛው ቧንቧ ጫፍ ወደ ታችኛው ውስጥ ይግባ። ሰው ሁሉ ተቃራኒውን ያደርጋል። ጭስ ሲቀዘቅዝ ጥቁር ውኃ ይሆናልና ውኃው በውስጥ ወርዶ እሳቱ ይብላው እንጂ በመጋጠሚያው ወደ ውጭ አይንጠብጠብ። ያው ጥቀርሻ ተጋግሮ ሲከማች በእሳት ይያያዛል፤ ቧንቧው እንደ አውሬ ይጮሃል። ስለዚህ ቧንቧው በየጊዜው እየተነቀለ በዘንግና በጨርቅ ይጠረግ። ማገዶሽን ዝናቡ ሳይገባ አስቀድመሽ ከክዳን ሥር አድርቂ።

ቡና አትላኪ ብዬሽ ነበር። የተረፈ ካለ፣ ብጣሪም ቢሆን፣ ላኪልኝ። ቆጮም ቢገኝ አልጠላም። እዚህ የአገር ቤት ምግብ ናፍቆኝ ነው።

ወንድምሽ ሰብስቤ


ዲላ፣ መስከረም ፳፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለወንድሜ፣ ለልጄ፣ ለሰብስቤ፣

አዲሱ ዘመን አንተን ከእኔ ጋር ያገናኝ። ነደደ!

ጅግሶ ቧንቧውን ጠቅልሎ መስቀል ሳይደርስ አመጣው። ሁለቱን በትክክል ሰካ፤ ሦስተኛውን ግን አንተ እንደ ፈራኸው ገለበጠው። መጀመሪያ ስናነድ ከመጋጠሚያው ጥቁር ውኃ ተንጠባጥቦ ነጠላዬን አበላሸው። እሳቱን አጥፍተን፣ አቀዝቅዘን፣ ፈትተን መለስነው፤ ጅግሶ እየሳቀ «ወንድምሽ ከአዲስ አበባ ሆኖ ያያል» አለ። ሁለተኛ ስናነድ ሁላችንም ወጥተን በጓሮ ቆምን። መጀመሪያ ምንም የለም። ገሪማ «ታፍኗል» ብሎ ሊሮጥ ሲል ከቆቡ ሥር ቀጭን ጭስ ወጣ፤ ወፍሮ፣ ከክዳኑ በላይ ሄዶ በነፋሱ ወደ ጫካው ተወሰደ። ተመልሼ ገባሁ። ድስቱ ይንፈቀፈቃል፣ እንጨቱ ይንጣጣል፣ ዓይኔ ግን ደረቅ ነው። ያን ቀን በእሳት ዳር ያለ እንባ ቆምኩ።

እመት ውዳሴ በሦስተኛው ቀን መጡ። ዱላቸውን ይዘው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው መስኮቱ መከፈቱን አስቀድመው አዩ። ከዚያ በርጩማ አስመጥተው ፊታቸውን ወደ ምድጃው አድርገው ተቀመጡ። በሩን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉና፣

«ጣሊያን ይሄዳል፤ ምድጃው ይቀራል» አሉኝ።

ይህን ካነበብህ በኋላ ወረቀቱን ለእሳት ስጠው። እኔ ግን ቃላቸውን እስክሞት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ከማድቤቱ አይወጡም፤ ሳላቸውም ቀንሶላቸዋል። አመዱን በብረት ባልዲ ካላወጣሁ የሚቆጡኝ እሳቸው ናቸው።

ዳቦው ጀምሯል። ሾፌሮቹ ከሩቅ ጭሱን አይተው ይቆማሉ። የወናጎ ሴቶች መጥተው ቧንቧውን በእጃቸው ይለኩታል፤ «ለእኛም ይሠራልን» ይላሉ። ጅግሶ በርሜልም ጉልበትም አለው፤ በሩንና አመድ ማውጫውን ግን እንዴት እንደሚያበጅ አያውቅም። እኔ ከደብዳቤ እያነበብኩ ላስተምረው አልችልም።

አሁን ሌላውን ልናገር። ጉግሳን ዳቦ አብልቼ ያዝኩት። አልነግርሽም ብሎ ብዙ ታገለኝ። የአርመኑ ቤት በር በቁልፍ ተዘግቶ ማየቱን፣ አንተም ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ድንጋይ ስትሸከም ማግኘቱን ነገረኝ። ቆጮ ናፈቀኝ ያልከው ገብቶኛል። አላዘንኩብህም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለገሪማ ብቻ። እሱም ወጥቶ የይለፍ ወረቀት አስወጣልህ፤ ከዚህ ጋር ተልኳል። የጉግሳ ካሚዮን ላይ ቦታ አለህ። የምትበላውን ስንቅ ልኬአለሁ። መሣሪያህን ይዘህ ና። ለምጽዋት አይደለም የምጠራህ፤ ሥራው ጠብቆህ ነው።

እህትህ የትምወርቅ


ሻሸመኔ፣ ጥቅምት ፳ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለእትዬ የትምወርቅ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከጉግሳ ካሚዮን ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። ጎማው ወልቆ እዚህ ቆመናል። ወደ እናንተ የሚያልፍ ሌላ ካሚዮን ስላገኘሁ ወረቀቱ ይቅደመኝ ብዬ ነው።

ደብዳቤሽን ድንጋይ ከምሸከምበት ቦታ ቆሜ አነበብኩት። ስጨርሰው አሠሪው ጠራኝ፤ አልሰማሁትም። እውነት ነው። በሰኔ መጀመሪያ ትእዛዝ መጥቶ የአርመኑ ቤት ተወሰደ። ጌታዬ ወደ ጅቡቲ ተሸኘ፤ ለስንብት መዶሻውን፣ መቀሱንና የቧንቧ መጠቅለያውን ብረት ሰጠኝ። ከተማ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም ብዬ ነው የደበቅሁሽ። ደግሞም አንቺ ያን ያህል ተደስተሽ ሳለ የእኔን ኀዘን በመካከል መጣል አልሆንልህ አለኝ። የአንቺን ማድቤት በሐሳቤ እየሠራሁ ነው ያን ክረምት የወጣሁት፤ ድንጋይ ተሸክሜ ስወጣ ስወርድ ቧንቧው በየት ይለፍ እያልኩ አስብ ነበር።

የእመት ውዳሴን ቃል አንብቤ ወረቀቱን እንዳልሽው አደረግሁ። ጉግሳ ምን እንደሚያስቀኝ ቢጠይቀኝ አልነገርኩትም።

ስለ ምድጃው በር መንገዱን ሁሉ ሳስብ መጣሁ። በርሜል ቀጭን ስለሆነ እሳቱ ቶሎ ይበላዋል፤ ውስጡን በጭቃና በድንጋይ እንለብጠዋለን። ጅግሶ የሚያውቀው እሳት የሚችል ጭቃ እንዳለ እጠይቀዋለሁ። የተሰነጠቀውን ክዳንሽንም አየዋለሁ። የምጠይቅሽ ብዙ ነገር አለኝ፤ የእመት ውዳሴ ሳል እንዴት እንደ ሆነ፣ ዳቦው ከሥሩ ያርር እንደሆነ፣ ነፋስ ሲገለበጥ ጭሱ ይመለስ እንደሆነ። ልጽፈው ጀምሬ ተውኩት።

ጉግሳ ጎማውን ገጥሞ ጨርሷል፤ ሞተሩን እያስነሣ ይጠራኛል። እትዬ፣ ከእንግዲህ አንድ ጥያቄ ጠይቀን መልሱን ወር ሙሉ አንጠብቅም።

መጣሁ።

ሰብስቤ